ትርፍ አንጀት ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ከቀላሉ ልጀምር።

የሸዋ በር እናት ናቸው። ልጃቸው እጁን ሲቆረጥ የተፈጨ ቡና ነሰነሱበት። ጎረቤታቸው «ተዪ፣ ያመረቅዛል» አለቻቸው፤ ተኮራረፉ። ማን ነው ትክክል?

ጎረቤትዎ። ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙት፤ ደሙ ሲቆም በውሃና በሳሙና ይጠቡት። ቡናውን አፍልተው ጎረቤትዎን ይጥሩበት።

ከኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ከትናንት ጀምሮ ሆዱን በቀኝ በኩል ወደ ታች ያመዋል። ጓደኛው «ትርፍ አንጀት በአንቲባዮቲክ እንደሚድን በጥናት ተረጋገጠ» የሚል ነገር ስልኩ ላይ አሳይቶታል። ኦፕራሲዮን ይፈራል። «የትኛውን ልግዛ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ መልእክትህ እንደደረሰኝ «አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ» ብዬሃለሁ። እዚህ የምጽፈው እንዳንተ ላሰቡት ሌሎች ነው።

ጓደኛህ ያሳየህ ነገር ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ከታወቁት ጥናቶች አንዱ ፊንላንድ ውስጥ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2015 ወጥቷል። 530 ሰዎች ነበሩበት። ግማሽ ያህሉ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፣ ግማሽ ያህሉ አንቲባዮቲክ ወሰዱ። አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ውስጥ በአንድ ዓመት 27 በመቶዎቹ ኦፕራሲዮን አስፈለጋቸው። በአምስት ዓመት ቁጥሩ 39 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ አምስት ዓመት ሙሉ ቢላ ሳይነካቸው አልፈዋል። «ትርፍ አንጀት ከሆነ መቁረጥ ነው» እየተባለ ለኖረ ሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል።

ስልኩ ላይ ያልተጻፈው ግን ብዙ ነው። ሁሉም መጀመሪያ ሲቲ ስካን ተነስተዋል። ትርፍ አንጀቱ ያልፈነዳ፣ መግል ያልቋጠረ፣ ደረቅ ሰገራ እንደ ጠጠር ያልተወተፈበት መሆኑ የታየለት ሰው ብቻ ነው ጥናቱ ውስጥ የገባው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የሉበትም። መድኃኒቱንም ቤታቸው ሆነው አልዋጡትም። ሆስፒታል ተኝተው ለሦስት ቀን በደም ሥር ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው ለሰባት ቀን በአፍ የሚወሰድ የታዘዘላቸው። ሌሊት ቢብስባቸው ሐኪሙም ኦፕራሲዮን ክፍሉም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ ትቶ «ይድናል» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ፋርማሲ መሄድ ሕይወት ያስከፍላል።

ይህን የምለው አይቼ ነው። ለዓመታት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም። ቤቱ ተኝቶ አራት ቀን አሞክሳሲሊን ሲውጥ ቆይቷል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሕመሙ ቀለል አለለት። እናቱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አጥሚት አጠጡት። ያ መቅለል ነው ሰው የሚያታልለው። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ውጥረቱ ስለሚረግብ ለጥቂት ሰዓት ፋታ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ መግሉ ሆድ ውስጥ ይሰራጫል። እኛ ጋ ሲደርስ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። ጉልበቱን አጥፎ ነው የተኛው፤ ሰው አልጋውን ገጨት ሲያደርገው ይጮኻል። ሐኪሙ ሆዱን ሲከፍት ሽታው ክፍሉን ሞላው። መልሰን መላልሰን አጠብነው። ልጁ ተርፏል። ግን ሦስት ሳምንት ተኝቶ፣ የተሰፋው ቁስል ተከፍቶ፣ ቤተሰቡም በሬውን ሸጦ ነው።

ምልክቱን ልብ በሉ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት ዙሪያ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳል። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ትኩሳት ይከተላል። ስታስሉ ወይም የተሳፈራችሁበት ባጃጅ ጉድጓድ ሲገባ ያ ቦታ ውግት ያደርጋችኋል። እንዲህ ከሆነ ማስታገሻ ውጦ ማደር የለም። ሐኪም አይቶ «ላንተ አንቲባዮቲክ ይበቃል» ካለ እሰየው። ያን የሚወስነው ግን ሆድህን የዳሰሰው ሰው ነው።

ትርፍ አንጀት የሚያመው ምስር ውስጥ ያለ ጠጠር ስለሚገባበት ነው?

በጣም አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይደለም። ምስሩን ግን ለጥርስዎ ሲሉ ይልቀሙት።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምትኖር አንባቢ ናት። አክስቷ ትልቅ እንቅርት አላቸው። ኦፕራሲዮን ታዞላቸዋል፤ እሳቸው ግን «ድምፄ ይጠፋል» ብለው እምቢ ብለዋል።

የአክስትሽ ስጋት እውነት አለበት። የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእንቅርቱ ጀርባ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። ይህን ኦፕራሲዮን የለመደ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባቸውም ለዚህ ነው። «እንዲህ ዓይነት ስንት ሠርተሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ድሮ እንቅርት ማውጣት ራሱ ብዙ ሰው ይገድል ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር ደሙን እየተቆጣጠረ በጥንቃቄ በመሥራት ሞቱን እጅግ ቀነሰው፤ በፈረንጆቹ 1909 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብርለት ግን ሌላ ሥራውን ነው። ኦፕራሲዮን ያደረጋቸውን ሰዎች ከጊዜ በኋላ መልሶ ጠርቶ አያቸው። አብጦ እንቅርት የሚሆነው የአንገት እጢ (ታይሮይድ) ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ፈዘዋል፣ ፊታቸው አብጧል፤ የልጆቹ ዕድገት ቆሟል። በገዛ እጁ የደረሰውን ጉዳት አልደበቀም። በፈረንጆቹ 1883 ጽፎ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ነው እጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት መዘዝ እንዳለው ሐኪሞች ልብ ያሉት። ዛሬ ሙሉውን የወጣለት ሰው እጢው ያመነጨው የነበረውን ሆርሞን ምትክ በኪኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል።

ስለዚህ አክስትሽ ይጠይቁ፦ ሙሉውን ነው የምታወጡት ወይስ ከፊሉን? ኪኒኑን እዚሁ ደሴ አገኘዋለሁ ወይ? ደግሞ ለቀሪው ቤተሰብ፦ አዮዲን ያለው ጨው ግዙ። ጨው አዮዲን እንዲኖረው በሕግ የታዘዘው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉታል። የአክስትሽን እንቅርት ግን ጨው አያከስመውም።

መምህር ነው። «በርበሬና ቡና ተው» ከተባለ ስድስት ዓመቱ። ጨጓራው ግን አልተሻለውም።

ስድስት ዓመት! አንድም ጊዜ የሰገራ ምርመራ ለጨጓራ ባክቴሪያ አልተደረገልህም? ባሪ ማርሻል የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም ያንን ባክቴሪያ በፈረንጆቹ 1984 ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። የሙያ ጓደኛው ሮቢን ዋረንና እሱ በፈረንጆቹ 2005 ኖቤል የተሸለሙት ስለዚሁ ባክቴሪያ ባገኙት ነው። ካለብህ፣ አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ይታዘዝልሃል። ቀለል ሲልህ እንዳታቋርጠው። ለወገብህ ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነ፣ ጨጓራን ሊጎዳ ስለሚችል እሱንም ለሐኪሙ ንገረው። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወክህ ቀጠሮ አትጠብቅ።

እናቷ ለኦፕራሲዮን ተብለው ከማታ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ውሃ እንኳ ተከልክለው ዋሉ። ተገቢ ነው?

በተለመደው መመሪያ ከቀላል ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ከንጹህ ውሃ ሁለት ሰዓት መራቅ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ተራው ሲዘገይ ሰመመን ሰጪውን «ትንሽ ውሃ ትቅመስ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ግን አንድ ጉንጭም አትስጡ።

ከሐይቅ መንገድ የጻፈች አራስ ናት። የሦስት ሳምንት ልጇ ጡት አልጠባ ብሏል፣ ያተኩሰዋል። አማቷ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» ይላሉ።

እንዳታስቆርጪ፣ እህቴ። እንጥል ጡት አያስከለክልም። ሲቆረጥ ግን ሕፃኑ ደም ሊፈሰው፣ ሊያመረቅዝበት፣ ቲታነስ ሊይዘው ይችላል። አንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ ከዋለ ደግሞ ሌላም በሽታ አለ። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ እሳቸውም የተነገራቸውን ነው የሚናገሩት። ግን በዚህ ዕድሜ መጥባት መተውና ትኩሳት ሁለቱም የአደጋ ምልክቶች ናቸው። በደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ሰዓት አይሰጥም። ነገ አትበዪ። ዛሬውኑ፣ ማታም ቢሆን፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰጂው። መንገድ ላይ ደረትሽ ላይ አድርገሽ አሙቂው፣ ጡትሽን እየደጋገምሽ ስጪው። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ሐኪሙ የሚለውን እሳቸውም በጆሯቸው ይስሙት።