የድሮው ካርታና ጂፒኤሱ ለምን አይስማሙም?

«ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ደጀን አካባቢ ያሉ የድሮ የኖራ ድንጋይ ካባዎችን እፈልጋለሁ። 1፡50,000 ካርታውን በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር ሞልቼ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ አስገባሁት። ከሳተላይት ምስሉ ጋር ሳስተያየው ግን ሁሉም ነገር ከ200 ሜትር በላይ ተዛንፏል። ካርታው ተሳስቶ ነው?» ይላል ከደብረ ማርቆስ የጻፈልኝ ተማሪ።

ካርታው አልተሳሳተም ወንድሜ። ግርጌውን አንብበው፤ አዲንዳን የሚል ታገኛለህ። አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ የተመረጠ የቅየሳ መነሻ ነጥብ ነው፤ የካርታው ቁጥሮች የሚቆጠሩት ከእሱ ተነሥተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና ልኬቱ ከዚያ ተያይዞ ወደ እኛ መጣ። ስልክህና ሳተላይቱ ደግሞ የሚሠሩት ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው፣ ለመላው ዓለም በወጣው ሌላ መነሻ ነው። ጎጃም ላይ የሁለቱ ልዩነት ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከካርታው ያነበብከውን ጂፒኤስ ላይ ስትሞላ ይህን ትደምርበታለህ። ሳትደምር ከሄድክ ወደ ደቡብ ይጎትትሃል። ከደጀን በስተደቡብ ደግሞ የዓባይ ገደል እንዳለ መቼም ታውቃለህ።

ኪውጂአይኤስ ላይ ግን መደመር አያስፈልግህም። ጂኦሬፈረንስ ስታደርገው፣ ማለትም የካርታውን ምስል መሬት ላይ ካለው ቦታው ጋር ስታያይዘው፣ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 የሚለውን የመጋጠሚያ ሥርዓት ምረጥ፤ ኮዱ 20137 ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ ይቀይርልሃል። በላዩ ላይ በእጅህ እንዳትደምር! እኔ ጭልጋ፣ የድንጋይ ከሰሉ አካባቢ፣ አንድ የድሮ የፍለጋ ጉድጓድ ስፈልግ ሁለት ጊዜ ደምሬ ቀኑን ሙሉ የሰው ማሳ ስረግጥ ውያለሁ።

የስልክ ፎቶውን ተወው፤ ጠርዙ ይጎብጣል። ትልቅ ስካነር ያለው ማተሚያ ቤት ውሰደው። በዚህ ካርታ 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 50 ሜትር ነው፤ ትንሽ መጎበጥ ብዙ ያስከፍላል። ምስሉን የምታያይዝበትን ነጥብ ስትመርጥ የግሪዱን (ካርታው ላይ የተሰመሩትን ካሬዎች) መስመሮች መገናኛ ያዝ እንጂ መንደር ወይም ወንዝ አትያዝ። አራቱን ማዕዘን፣ ከመሀል ደግሞ አምስት ስድስት ይበቃል።

ስትጨርስ በዓባይ ድልድይ ፈትሸው። በድሮው ነው ታዲያ! በ2000 ዓ.ም ገደማ የተከፈተው ባለ ገመዱ ድልድይ ካርታህ ላይ የለም። ከእሱ ጋር ላገጣጥም ካልክ ያስተካከልከውን መልሰህ ታበላሸዋለህ።

ከዚያ በኋላ 20 ወይም 30 ሜትር ቢዛነፍ አትጨነቅ። ወረቀቱ ራሱ ከዚህ የተሻለ አይሰጥህም። እዚያ ከደረስክ ደግሞ ካባውን በዓይንህ ታየዋለህ።