ግድግዳ በጣውላ ለማልበስ ስንት ይዘዙ? ካሬ ሜትሩ ብቻውን አይበቃም

ጥያቄ፦ የቤቴን አንድ የውጭ ግድግዳ ወንዴና ሴቴ ሆኖ በሚገጣጠም ጣውላ አግድም ላለብሰው አስቤአለሁ። የሚለብሰው ቦታ ርዝመቱ 6.40 ሜትር፣ ቁመቱ 2.70 ሜትር ነው። ከግራው ጥግ 2 ሜትር ላይ የሚጀምር፣ ወርዱ 1.50፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ መስኮት አለ፤ የመስኮቱ ታች ከሽፋኑ መነሻ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ጣውላው ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4.80 ሜትር ነው። መስኮቱን ቀንሼ 15.48 ካሬ ሜትር አገኘሁ። በ0.12 ሳካፍለው 129 ሜትር፣ ማለትም 27 ጣውላ ሆነ። 27 ልዘዝ ወይስ ትንሽ ልጨምርበት?

መልስ፦ 34 ይዘዙ። በ27 ሥራውን ከጀመሩ ግድግዳው ሳያልቅ ጣውላው ያልቅብዎታል። ጎደለ ብለው በኋላ የሚያስመጡት ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር በቀለምም በልክም ላይመሳሰል ይችላል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ሲገጣጠም ይታያል። ስለዚህ ስሌቱን አሁን፣ ከማዘዝዎ በፊት እናስተካክለው።

የመጀመሪያው ስህተት 0.12 ላይ ነው። 12 ሳንቲ ሜትር የጣውላው ሙሉ ወርድ ነው፤ ምላሱንም (ወንዴ የሆነውን ቀጭን ጠርዝ) ይጨምራል። ምላሱ ግን ቀጥሎ በሚመጣው ጣውላ ጎድጎድ ውስጥ ይገባና ይደበቃል፤ ግድግዳውን አይሸፍንም። ምላሱ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ጣውላ የሚሸፍነው 11 ብቻ ነው። ሻጩ የሚነግርዎት ወርድም ከመላጉ በፊት የነበረው ሊሆን ስለሚችል በቃል የተነገረ ልክ አይመኑ። አሥር አጫጭር ቁራጮች ካገኙ መሬት ላይ አጥብቀው ይገጣጥሟቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ይለኩ፤ ወጥቶ የቀረውን አንዱን ምላስ ይቀንሱና ለ10 ያካፍሉ። 111 ሳንቲ ሜትር ከለኩ፣ 1 ሲቀነስ 110፣ ለ10 ሲካፈል 11 ይሆናል። አንድ ጣውላ ብቻ ከመለካት ይህ እጅግ የታመነ ነው፤ ትንሿ የመለኪያ ስህተት ለአሥር ትከፋፈላለችና።

1 ሜትርን ለ0.11 ሲያካፍሉ ለአንድ ካሬ ሜትር 9.09 ሜትር ጣውላ እንደሚያስፈልግ ያገኛሉ። 15.48 በ9.09 ሲባዛ 140.7 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለግምት ይጠቅማል፤ ለትእዛዝ ግን አይበቃም፤ ጣውላ እንደ ቀለም ፈሶ ቦታውን አይሞላምና። የሚገጠመው በሙሉ ረድፍ ነው፤ የሚመጣውም በተወሰነ ርዝመት ነው።

ረድፉን እንቁጠር። 270 ለ11 ሲካፈል 24.5 ነው፤ ግማሽ ረድፍ የለም፣ 25 ይሆናል። የመጨረሻው በቁመቱ ተሰንጥቆ ይገባል፤ የተረፈው ግማሽ ለሌላ ረድፍ አይሆንም።

እዚህ ላይ ቆም ብለው መስኮቱን ይዩ። ከታች በሙሉ ጣውላ ከጀመሩ ዘጠነኛው ረድፍ ከ88 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። መስኮቱ 90 ላይ ስለሚጀምር ከዚያ ጣውላ ከመስኮቱ ሥር የሚቀረው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም የ2 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ቁራጭ፣ ያውም ከሙሉ ጣውላ ጋር ተያይዞ! ገና ሲያነሱት ይሰነጠቃል። መፍትሔው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ረድፍ እኩል ማድረግ ነው፦ ከ270 ላይ 23 ሙሉ ረድፍ (253) ሲቀነስ 17 ይቀራል፤ ለሁለት ሲካፈል 8.5። ከታች 8.5 ሳንቲ ሜትር በሚታይ ረድፍ ከጀመሩ መስኮቱ ሥር የሚቀረው 4.5 ይሆናል፣ ላይኛውም ጫፍ ቀጭን ሆኖ አይቀርም። የረድፉ ብዛት ያው 25 ነው፤ አንድ ጣውላ እንኳ አይጨምርብዎትም። ሲገጥሙ ምላሱ ወደ ላይ ይሁን፤ ጎድጎዱ ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ያቁርና ጣውላውን ያበሰብሳል።

አሁን አቆራረጡ። በሁለቱም ጥግ ከሊስትሮው (ጥጉን ከሚሸፍነው ቀጭን እንጨት) ሥር፣ እንዲሁም በመስኮቱ ግራና ቀኝ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ከ25ቱ ረድፍ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ የሚያቋርጠው 10ሩን ነው። ሌሎቹ 15 ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ ሁለቱ በመስኮቱ ሥርና አናት ላይ ይጎረዳሉ እንጂ ርዝመታቸው አይቀንስም።

የተቋረጡት ረድፎች በግራ 1.98፣ በቀኝ 2.88 ሜትር ይፈልጋሉ። ድምሩ 4.86 ነው፤ ጣውላዎ 4.80። በ6 ሳንቲ ሜትር ምክንያት ከአንድ ጣውላ ሁለቱ አይወጡም! ካሬ ሜትር ይህንን ፈጽሞ አያሳይዎትም። ስለዚህ በአሥር ጣውላ አሥሩን የ2.88 ቁራጭ ያውጡ፤ ከእያንዳንዱ የሚተርፈው 1.92 አይጣል። ከ1.98ቱ ከአንድ ጣውላ ሁለት ስለሚወጣ 5 ጣውላ ይበቃል።

ሙሉዎቹ 15 ረድፎች እያንዳንዳቸው 6.38 ያስፈልጋቸዋል፦ 4.79 እና 1.59። ለ4.79ኙ 15 ጣውላ ይሄዳል። 15 የ1.59 ቁራጭ ደግሞ እንሻለን፤ አሥሩ ቅድም ከተረፈው 1.92 ይወጣል፣ ለቀሪው አምስት 2 ጣውላ ይበቃል። ከአንድ ጣውላ ሦስት ሲያወጡ ድምሩ 4.77 ነው፤ ለመጋዙ (በየቁርጡ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል) እና ጫፉን ለማስተካከል 3 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ጠባብ ነው፣ ግን ይወጣል።

10፣ 5፣ 15 እና 2 ሲደመር 32። ከመካከላቸው የተጣመመ፣ ጉጡ የወለቀ ወይም ጫፉ የተሰነጠቀ ስለማይጠፋ 2 ይጨምሩ፤ 34። አብዛኛው ሰው 10 በመቶ ጨምሮ ያዛል፤ እዚህ ያ፣ ከ140.7 ሜትሩ ላይ ሲታሰብ፣ 33 ይሰጥ ነበር። የተቀራረበው ግን የግድግዳው ርዝመት ከ4.80 ጋር ስለተስማማ ነው። ይህንኑ ግድግዳ በቁም ቢያለብሱት ከእያንዳንዱ ጣውላ 2.70 ቆርጠው 2.10 ይተርፍዎታል፤ ከመስኮቱ በላይና በታች ከሚገባው በስተቀር አብዛኛው ይባክናል። ለቁም ሥራ የ3 ሜትር ጣውላ ይፈልጉ። በሰያፍ ለሚገጠም ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጨምሩ፤ ሁለቱም ጫፍ በየረድፉ በሰያፍ ይቆረጣልና።

ሁሉም መጋጠሚያ በአንድ መስመር እንዳይውል ረዥሙን ጣውላ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ይጀምሩት። መጋጠሚያው ከግራው ጥግ 4.80 ወይም 1.60 ላይ ይውላል፤ ሁለቱም ከመስኮቱ ውጭ ናቸው። ሞራሌውን (ጣውላው የሚመታበትን ቋሚ እንጨት) በየ60 ሳንቲ ሜትር ካቆሙ 4.80 ላይ ሞራሌ ያገኛሉ፣ 1.60 ላይ ግን የለም፤ ይጨምሩ። በሁለቱም ቦታ ሞራሌው ጥንድ ይሁን። ሁለት የጣውላ ጫፍ አንድ ጠባብ ሞራሌ ከተጋሩ ምስማሩ ለጫፍ ስለሚቀርብ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ከዳር እስከ ዳር 12 ሞራሌ፣ 2 ለመስኮቱ ጎኖች፣ 1 ለ1.60፣ 2 ማጣመሪያ፤ ድምሩ 17፣ እያንዳንዱ 2.70 ሜትር። ለ12 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በየሞራሌው አንድ ምስማር ይበቃል፤ 400 ያህል ይያዙ። ርዝመቱ የጣውላውን ውፍረት ሁለት ተኩል ጊዜ ይሁን፤ ለ2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ 5 ሳንቲ ሜትር። የማይዝገውን፣ ስቴንለሱን ይግዙ፤ የዛገ ምስማር እንባ የመሰለ ጥቁር መስመር ያወርዳል፣ በአሸዋ ወረቀት ቢያሹትም ይመለሳል።

ጣውላው ሲደርስ መጀመሪያ ሁሉንም ይለዩ፦ ቀጥ ያሉት ለ4.79ኙ፣ ጉድለት ያለባቸው ጉድለቱ እየተቆረጠ ለአጫጭሮቹ። የ2.88ቱን አስቀድመው ይቁረጡ፤ የአጫጭሮቹ ቁራጭ ከእነሱ ነው የሚመጣው። ቀለም የሚቀቡት ከሆነ ምላሱን ከመግጠምዎ በፊት ይቀቡት፤ አለበለዚያ እንጨቱ ደርቆ ሲሸሽ በየረድፉ ያልተቀባ ነጭ መስመር ይወጣል።