ሥራና ገበያ ሲቀዘቅዝ የመንግሥት እርዳታ እንዴት ይሠራል? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጥያቄዎቹ ከጅማ ሰፈሮች፣ ከሂርማታ፣ ከቦሳና ከጊንጆ የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ኢኮኖሚው ሲወድቅ የመንግሥትም ገቢ ይወድቃል። ለእርዳታ ከየት ያመጣል? ብር ሲረጭስ ዋጋ አይንርም?

ይበደራል። የዋጋው ነገር ግን እንደ ችግሩ ዓይነት ይለያያል። ዕቃው መደብር ውስጥ ተቀምጦ ገዢ ከጠፋ፣ ሥራ የፈታ ሰው እጅ የገባው ብር በዚያው ሳምንት ጤፍና ዘይት ይገዛል፤ ባለሱቁም ከጅምላ ነጋዴው እንደገና ያመጣል። እህሉ ራሱ ከጠፋ ግን ብር ማደል ዋጋ መስቀል ብቻ ነው፤ ያኔ የሚበጀው እህል ነው። የገጠሩ ሴፍቲኔት (ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጠው እርዳታ) ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ የሚያስበው ለዚህ ነው።

በነፃ ከመስጠት ማሠራት አይሻልም?

አቅም ላለው ይሻላል፣ ሥራው ከተዘጋጀ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ሥራ አስገብታለች። ከ1935 እስከ 1943 የቆየው ትልቁ ፕሮግራም ደግሞ 8.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ቀጥሮ መንገድ፣ ድልድይና ትምህርት ቤት አሠርቷል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው መሣሪያ ነው። ሃምሳ ሰው ተጠርቶ አምስት አካፋ ከቀረበ አርባ አምስቱ ቆሞ ይውላል፤ ከዚያ «ሰነፎች» ይባላሉ። በጀት ሲያዝ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን አካፋው፣ ድንጋዩና የሥራ ኃላፊው አብረው ይታሰቡ። ሁለተኛው ወቅት ነው። በጅማ ዙሪያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ሰው ይሻማል፤ ያኔ የሕዝብ ሥራ መክፈት ለቃሚውን መንጠቅ ነው። ኪስ የሚደርቀው በክረምት ቢሆንም በዝናብ የተቆፈረ ቦይ ይደረመሳል፤ ለክረምት ችግኝ ተከላ፣ ለበጋ የአዌቱን ወንዝ ዳር ማጽዳትና ቦይ መቁፈር ይሻላል። ሦስተኛው ክፍያው ነው፦ ከአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ በጥቂቱ ዝቅ ካላለ ሥራ ያለውም ሰው ትቶ ይመጣል፤ ከመጠን በላይ ካነሰ ደግሞ ቤተሰብ አይመግብም።

አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ሥራ ሳይጠየቁ የሚደገፉበት ሌላ መስመር ያስፈልጋቸዋል።

ድርጅቱ ተዘግቶ ተሰናበትኩ። ምን ይገባኛል?

በአገራችን ለሥራ አጥ በየወሩ የሚከፈል መድን ስለሌለ የሥራ ስንብት ክፍያዎን አጥብቀው ይያዙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻ ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝዎ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ አለ።

የቀን ደመወዝዎ 200 ብር፣ አገልግሎትዎ 5 ዓመት ቢሆን፦ 6,000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ 8,000 ለአራቱ፣ 12,000 ለቅነሳው፤ ድምር 26,000 ብር። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ይረሳታል። ከውል መቋረጥ የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ እንከፍላለን» እየተባሉ አይክረሙ።

ጋሼ፣ ከእኔ የተሻለ ጎረቤቴ ስሙ በእርዳታው ዝርዝር ተመዝግቦ እኔ ቀረሁ። ምን ላድርግ?

አቤቱታህን ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አስገባ፤ ቀን ያለበት ቅጂ ይዘህ ቅር። «ድሃ ነኝ» ብቻ አትበል። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ባለፈው ወር ስንት ቀን ሥራ እንዳገኘህ፣ የቤት ኪራዩን ጻፍ። ጎረቤትህን ግን ተወው፤ አቤቱታው ስለ እሱ ከሆነ የአንተ ጉዳይ ይደበቃል።

የቡና ዋጋ ሲወድቅ መንግሥት ገዝቶ ቢያጠፋው ዋጋው አይነሳም?

ብራዚል ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ወደ 78 ሚሊዮን ኬሻ ቡና፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ አጥፍታለች። ዋጋው ጨርሶ እንዳይወድቅ ረድቷል፤ ሌሎች ቡና አምራቾች ግን በነፃ ተጠቀሙበት። ደግሞ የጠፋ ቡና ማንንም አያጠጣም። አሜሪካ በ1939 በሮቸስተር ከተማ የሞከረችው መንገድ ለእኔ የተሻለ ነው፦ ችግረኛው የ1 ዶላር ብርቱካናማ ኩፖን ሲገዛ፣ በትርፍ ምርት ብቻ የሚመነዘር የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ኩፖን ይመረቅለት ነበር። የገበሬው ትርፍ ወደ ተራበው ቤት ሄደ።

እርዳታው መቼ ይቁም?

የሥራ ገበያው ሲመለስ እንጂ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 ወጪ ቀንሳ፣ ግብርና ባንኮች ሳያበድሩ የሚይዙትን መጠባበቂያም ጨምራ ነበር፤ ሥራ አጥነት በ1937 ከነበረበት 14 በመቶ ገደማ በ1938 ወደ 19 በመቶ ተመለሰ።