ላሟ እምቢ ያለችው በዘሯ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከዳንግላ ነው። «75 በመቶ የፈረንጅ ደም ያላት ላም አለችኝ። ወተቷ ግሩም ነው። ከወለደች 8 ወር ሆናት። 4 ጊዜ በአዳቃይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዘዴ በሚያዳቅል ባለሙያ፣ አስጠቅቻት አልያዘላትም። እናቷም ዘግይታ ነበር የምትወልደው። ዘሯ ከሆነ ልሽጣት? ሴት ጥጃዋንስ ላሳድግ?»

ጋሼ፣ ለመሸጥ አይቸኩሉ። ቶሎ ማርገዝ በዘር ይተላለፋል፤ ግን በጥቂቱ። ላሞች በወተት መጠን ከሚለያዩት ሩብ ያህሉ ወይም ትንሽ በላይ የዘር ነው። በእርግዝና ግን የዘር ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ቀሪው መኖ፣ በሽታና አያያዝ ነው። እናቷም እሷም በአንድ ግቢ አንድ ዓይነት የዳጉሳ ገለባ ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ዘር የመሰለዎት ነገር ግርግሙ ሊሆን ይችላል።

ወተት የሚበዛላት ላም እንደወለደች የምትበላው አይበቃትም። ከገላዋ እየቀነሰች ነው የምትታለበው። ጎድኗ ከሩቅ ከተቆጠረ ድራቷ፣ ማለትም ኮርማ የመፈለግ ምልክቷ፣ ይደበዝዛል። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ይጨምሩላት። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ፤ ጠዋት ኮርማ ከፈለገች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከፈለገች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። 4 ጊዜ ስለተመለሰች ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ማህፀኗን ይይላት።

ስለ ዘር ማሰብዎ ግን ደስ ብሎኛል። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ኮርማ የሚመረጠው በዋናነት በወተት ነበር። ሆልስታይን የተባለችው የፈረንጅ ላም ወተቷ ጨመረ፣ መራባቷ ወረደ። ኖርዌዮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ መራባትንም አብረው መዘኑ። አሜሪካኖችም በ2003 የኮርማውን ሴት ልጆች የማርገዝ አቅም መመዘኛ አደረጉ። ቁልቁለቱ ቀስ በቀስ ቆመ።

ጉዳዩ ያለው ኮርማው ላይ ነው። ላም በዕድሜዋ የምትወልደው ጥቂት ነው። የአንድ ኮርማ ሴት ልጆች ግን በመቶ ይቆጠራሉ። አንዷ ብትዘገይ ምክንያቱ ብዙ ነው። በየቀበሌው ያሉት ልጆቹ ሁሉ ከዘገዩ ግን ነገሩ ከሱ ነው። ይህ የሚታወቀው ሲጻፍ ብቻ ነው። እባክዎ አንድ ደብተር ይያዙ፤ የተዳቀለችበትን ቀን፣ የኮርማውን መለያ ቁጥር፣ የወለደችበትን ቀን ያስፍሩ። ጎረቤቶችዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ጥጃዋን ያሳድጓት። አባቷ ንጹሕ ሆልስታይን ከሆነ ግን የፈረንጅ ደሟ 87.5 በመቶ ደርሷል። ይህ ገለባ ለሚበዛበት ቤት ከባድ ነው። እኔ ብሆን ከአገራችን የፎገራ ዝርያ ላም የተወለደች፣ የፈረንጅ ደሟ ግማሽ የሆነ ዲቃላ እመርጣለሁ፤ መኖ ሲያንስ የተሻለ ትችላለች። ስለዚህ ጥጃዋ ስትደርስ ለማዳቀያ የሚሆን የዲቃላ ኮርማ ዘር ካለ ይጠይቁላት። የአባቷን ቁጥር ፈጽሞ እንዳይደግሙባት፤ የሥጋ ዝምድና መራባትን ይጎዳል።

ላሟን አሁን ይመግቡ፣ ያስመርምሩ። ድራት በየ21 ቀኑ ነው፤ 3 ድራት ይሞክሯት። ከዚያ በኋላም ካልያዘላት ስለ ሽያጩ ያኔ እንነጋገራለን።