«ደህና ነው» የሚለው መልስ ልጅዎን እንዳይጎዳው

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በዲቪ ከመጣን ሰባት ዓመት ሆነን። ባለቤቴ አምና ዜግነት ወስዷል፤ እኔና ልጄ ግን ገና በግሪን ካርድ ነን። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፤ ትምህርቱንም ትቷል። ሐኪሞቹ ከባድ ድብርትና ጭንቀት ነው ብለውኛል፤ አንድ ጊዜም ሆስፒታል ተኝቷል። ባለፈው ክረምት ኢትዮጵያ ወስጄ ሁለት ወር ጸበል አስጠምቄዋለሁ። የአካል ጉዳተኛ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል ይሉኛል፤ የልጄ አካል ግን ሙሉ ነው። ባመለክትስ ስሙ አይበላሽም?

መልስ፦ ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት።

በመጀመሪያ ከደብዳቤዎ አንድ ነገር ላርም። ባለቤትዎ የልጁ አባት ከሆኑ ልጅዎ ዛሬ አሜሪካዊ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት ያልሞላውና ከወላጁ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነት ሥር አሜሪካ የሚኖር ልጅ፣ አባቱ ወይም እናቱ ዜግነት ባገኙበት ቀን እሱም ያለ ማመልከቻ ዜጋ ይሆናል። የአባቱን የዜግነት ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና ግሪን ካርዱን ይዛችሁ ፓስፖርት አውጡለት። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጠየቁኝ የአካል ጉዳተኛ ክፍያ፣ ማለትም ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ኤስኤስአይ (SSI)፣ ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ሰው አምስት ዓመት መጠበቅንና የአሥር ዓመት ያህል የሥራ ታሪክን ይጠይቃል፤ ለልጅ የወላጆቹ ሥራ ይቆጠርለታል። ዜጋ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

«አካሉ ሙሉ ነው» ላሉት፣ ሕጉ የአእምሮ ሕመምንም እንደ አካል ሕመም ያያል። የሚጠይቀው ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ መሆኑንና የልጁን የዕለት ኑሮ ክፉኛ መገደቡን ነው። መርማሪዎቹ የልጁን ኑሮ በስድስት ዘርፎች ይመዝናሉ፤ ከእነዚህ መካከል ትምህርት መቀበል፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ ከሰው ጋር መግባባትና ራስን መንከባከብ ይገኙበታል። በሁለቱ ከባድ፣ ወይም በአንዱ እጅግ ከባድ ጉድለት ከታየ ያልፋል። የበሽታው ስም ብቻውን አያሳልፍም።

የእኛ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት በስልክ ቃለ መጠይቅ «ልጁ እንዴት ነው?» ተብላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አለች። ለእኛ ሰላምታ ነው። በመዝገቡ ላይ ግን «እናቱ ደህና ነው ብላለች» ተብሎ ሰፈረ፤ ያንን አንድ መስመር ለማስተባበል ብዙ ወራት ፈጀብን። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረው ደብተር ይያዙ። «ማክሰኞ፦ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልወጣም፤ ምሳው በር ላይ በረደ። ረቡዕ፦ ገላውን ካልታጠበ አሥረኛ ቀኑ» ብለው ይጻፉ። ማጋነን አያስፈልግም፤ እውነቱ ይበቃል። አስተርጓሚም መሥሪያ ቤቱ በነጻ ያቀርባል። እህት ካለችው እሷን አስተርጓሚ አያድርጓት፤ ስለ ወንድሟ የሚያሳፍራትን ዘላ ታልፋለች።

ለትምህርት ቤቱም ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው መሆኑ እንዲመረመር በጽሑፍ ይጠይቁ። ምርመራው በነጻ ነው፤ የመምህራን ምስክርነትም ከእናት ቃል የበለጠ የሚታመንበት ጊዜ አለ።

ጸበሉን አይደብቁ። በሐኪም መዝገብ ላይ የሁለት ወር ክፍተት ስላለ መርማሪው «ሕክምናውን ለምን አቋረጠ?» ማለቱ አይቀርም። የት እንደነበረና መድኃኒቱን ይወስድ እንደነበር በግልጽ ይናገሩ። ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ግን 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ልጅ ክፍያው ይቆማል፤ ተመልሶም 30 ቀን እስኪሞላው አይከፈለውም። ለሚቀጥለው ጉዞ ይህን ያስቡበት።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያሰጋኝ ገንዘቡ ነው። ኤስኤስአይ ለድሃ ቤተሰብ የተዘጋጀ ክፍያ ነው፤ የፌዴራሉ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2026 በወር 994 ዶላር ነው። አብሮ የሚኖር ወላጅ ደመወዝ የተወሰነው ተቀንሶ ቀሪው እንደ ልጁ ገቢ ይቆጠራል። በንብረት በኩል ለሁለት ወላጆች 3,000 ዶላር፣ ለልጁ 2,000 ዶላር ይተዋል፤ የምትኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። እቁብ ግን ይጠንቀቁ! የደረሰዎት ብር ወር ሲጠባ ባንክ ውስጥ ከተገኘ እንደ ሀብት ሊቆጠር ይችላል።

ገቢያችሁ ከልክ በላይ ቢሆን እንኳ ደብተሩን አይጣሉት። ልጁ 18 ሲሞላው የወላጅ ገቢ መቆጠሩ ይቀራል፤ ጉዳዩም በአዋቂ መለኪያ፣ ማለትም ሥራ መሥራት ይችላል ወይ በሚለው ይታያል። አሁን ቢፈቀድለትም በ18 ዓመቱ በዚሁ መለኪያ እንደገና ይመረመራል።

ስሙን በተመለከተ መዝገቡ ምሥጢር ነው፤ ኮሌጅም ሆነ ቀጣሪ ገልጦ አያየውም። የእርስዎንም የዜግነት ማመልከቻ አይጎዳም።

የመጀመሪያው መልስ «አይገባውም» ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ እንጂ አዲስ ማመልከቻ አይጀምሩ። እስከ ዳኛ ድረስ መሄድ ይቻላል። ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ስታሸንፉ፣ ከተጠራቀመው ውዝፍ ክፍያ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከ25 በመቶ አይበልጥም። አስቀድሞ ብር የሚጠይቅዎትን ይሽሹ።

ኤስኤስአይ ከማመልከቻው በፊት ላለፈ ወር አይከፍልም። ለማመልከት ሶሻል ሴኩሪቲ የደወሉበት ቀን ግን ሊያዝልዎት ስለሚችል ፓስፖርቱን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ይደውሉ፤ ቀኑንና ያነጋገረዎትን ሰው ስም በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ።