ከመርከብ ወርዶ የቀረ ሰው እንዴት ይፈለጋል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የልጆችሽ አባት አውስትራሊያዊ ነው፤ ምንዝላቱ እንግሊዛዊ መርከበኛ ነበር ይባላል፤ በ1850ዎቹ ሜልቦርን ገብቶ እዚያው ቀረ። የመርከቧን ስም የሚያስታውስ የለም። የተሳፋሪ መዝገቡን ብታገላብጪ ብታገላብጪ ስሙ አልተገኘም። «ታዲያ ሰውየው በምን መጣ?» ብለሻል። በባለቤቴ ወገን ያለውን መርከበኛ ስፈልግ እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ስሙ ያልተገኘው ተሳፋሪ ስላልነበረ ነው። በሥራ ነው የመጣው። አንቺ ያየሽው የቪክቶሪያ (ሜልቦርን ያለችበት ግዛት) የተሳፋሪ ማውጫ ከ1852 እስከ 1923 የገቡትን ይዘረዝራል፤ ግን የጉዞ ከፍለው የመጡትን ነው። ሸራ ሲሰቅልና ሲያወርድ የመጣው ሰው እዚያ የለም። የእንግሊዝ ዜጋ ስለሆነ ደግሞ እንደ ጀርመኑ ወይም እንደ ቻይናው ዜግነት መጠየቅ አላስፈለገውም። እዚያም ወረቀት የለውም። ስለዚህ የገባበትን ቀን ተዪውና ከሞተበት ቀን ጀምሪ።

ይሄ ግራ ይገባል፣ አውቃለሁ። ግን የቪክቶሪያን የሞት ሰርተፍኬት ስታዪው ይገባሻል። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሰርተፍኬት ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሞት ምክንያት ብሎ ይዘጋል፤ ወላጆቹን አይነግርሽም። ቪክቶሪያ ከጁላይ 1853 ጀምሮ ያወጣችው ሌላ ነው። የአባትና የእናት ስም፣ የአባት ሥራ፣ የተወለደበት አገር፣ የት፣ በስንት ዓመቱ፣ ማንን እንዳገባ፣ የልጆቹ ስም ከነዕድሜያቸው አለበት። ከሁሉ የሚጠቅምሽ ደግሞ በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ስንት ዓመት ኖረ የሚለው ነው። የእኛ ሰውዬ የሞተው በ1891 ነው። እዚያ ቦታ ላይ «ቪክቶሪያ፣ 38 ዓመት» ተብሎ ተጽፏል። ቀንሺ፤ 1853 ይመጣል። ሰውሽ ወደ ሲድኒ ሄዶ ሞቶ ከሆነም አትጨነቂ፤ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1856 ጀምሮ እንደዚሁ ነው የምትመዘግበው።

ታዲያ ሟች አይናገርም። ቃሉን የሰጠው አማች ነው፣ ልጅ ነው፣ አንዳንዴም ጎረቤት ነው። 38 ያለው 36 ወይም 40 ሊሆን ይችላል። የእናት ስም ላይ «አይታወቅም» የሚል ቢገጥምሽም አይግረምሽ። ለዚህ ነው የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት በሙሉ አውጪ የምልሽ፣ የአንዱን ብቻ ሳይሆን። እነሱ ሲወለዱ ሰውየው በሕይወት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ራሱ ወይም ሚስቱ ናት። በእኛ በኩል የሞቱ ወረቀት «ዮርክሻየር» ብቻ ነበር የሚለው። ዮርክሻየር ደግሞ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ወረቀት ላይም «እንግሊዝ» ተብሎ ታልፏል። የሁለተኛዋ ልጅ ላይ ግን «ዊትቢ» ይላል። ዊትቢ የወደብ ከተማ ናት፤ ካፒቴን ኩክ የመርከብ ሥራ የተማረባት። ያቺ አንዲት ቃል ባትኖር ኖሮ ዛሬም እየፈለግኩ ነበር። ገንዘብ ያስወጣል፣ አልዋሽሽም። ግን በደንብ ያዋጣል።

አሁን ወደ 1853 ልመልስሽ። በ1851 ወርቅ ተገኘ፤ መጀመሪያ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ወዲያው ደግሞ ቪክቶሪያ ውስጥ ባላራትና ቤንዲጎ። መርከበኞቹ ገና መልህቅ ሳይጣል ልባቸው ወርቁ ጋ ነበር። ሜልቦርን ፊት ለፊት ያለው ሆብሰንስ ቤይ የሚሠራባቸው ሰው ባጡ መርከቦች ተሞላ። አንዳንዱ ካፒቴንም ሠራተኞቹን ተከትሎ ሄዷል። ቤተሰብሽ ውስጥ «ከመርከብ ወረደ» እየተባለ የሚነገር ነገር ካለ፣ በጨዋ ቋንቋ ኮበለለ ማለታቸው ነው።

መኮብለል ደግሞ ቀልድ አልነበረም። በ1854ቱ የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያሳስራል፤ ደመወዙንም መርከብ ላይ የተወውን ልብስም ሊያስወርስ ይችላል። ስለዚህ ስማቸውን የቀየሩ ነበሩ። ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ይሄ ያናድዳል፤ ግን የእነሱ ችግር ለእኛ መረጃ ሆኖልናል። ካፒቴኑ ለፖሊስ ያመለክታል፣ ፖሊስም ጋዜት በሚባለው የራሱ የማስታወቂያ ጋዜጣ ያወጣል። የቪክቶሪያ ፖሊስ ጋዜት ላይ የኮብላዮች ስም፣ የመርከቧ ስም፣ አንዳንዴም ቁመትና መልክ ይገኛል። እኛ የመርከቧን ስም ያገኘነው ከዚያ ነው።

የመርከብ ስም ካገኘሽ በኋላ ትሮቭ የሚባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ውስጥ ግቢ። አሮጌ ጋዜጦች በነጻ አሉት። እዚያ የሰውየውን ስም አትፈልጊ፤ ተራ መርከበኛ ጋዜጣ ላይ በስሙ የሚወጣው ሲከሰስ ወይም ሲሰጥም ነው። የመርከቧን ስም ከዓመቱ ጋር አስገቢ። መቼ እንደገባች፣ ከየት እንደተነሳች፣ ካፒቴኗ ማን እንደሆነ፣ ሠራተኛ አጥታ ስንት ጊዜ እንደቆመች ታገኛለሽ። ሰውሽ በሲድኒ በኩል ከገባ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። የሲድኒ ወደብ ዝርዝሮች ከ1845 እስከ 1922 ሠራተኛውንም ይጨምራሉ፤ በጎ ፈቃደኞች እየገለበጡ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አውጥተዋቸዋል።

ወደ እንግሊዝ የምትሻገሪው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1845 እስከ 1853 ድረስ እያንዳንዱ የንግድ መርከበኛ ቁጥር ያለው ትኬት፣ ማለትም የመርከበኛነት መታወቂያ ወረቀት፣ ያወጣ ነበር። መዝገቡ ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። የእኛን ሰውዬ ዊትቢ፣ 1829 በሚለው ፈልጌ አገኘሁት። ቁመቱ፣ የፀጉሩ ቀለም፣ ዓይኑ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ባሕር እንደጀመረ፣ መጻፍ እንደሚችል ሁሉ አለ። ግራ ክንዱ ላይ የመልህቅ ንቅሳት። ባለቤቴ ከመርከቧ ስም ይልቅ በንቅሳቱ ነው የተደሰተው። እኔ ግን ወረቀቱን ያመንኩት የሞት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው የአባት ስምና ሥራ ዊትቢ ካለው የክርስትና መዝገብ ጋር ሲገጥም ነው። ያለዚያ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሰው ወስዶ አያት ማድረግ በጣም ቀላል ነው። ኢንተርኔት ላይ ካሉት የዘር ሐረጎች ውስጥ እንዲህ የተሠሩ ሞልተዋል።

ሰውሽ የመጣው ከ1857 በኋላ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ከዚያ እስከ 1913 ድረስ መንግሥት የንግድ መርከበኞችን በስም አልመዘገበም። የቀረው የየመርከቡ የሠራተኛ ውል ነው፤ እሱም ተበትኗል። ከ1861 ወዲህ ካለው ውስጥ አሥር በመቶው ኪው፣ በ5 የሚያልቁት ዓመታት ግሪኒች ባለው የባሕር ሙዚየም፣ አብዛኛው ግን ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ በሚገኘው ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ነው። አዎ፣ ካናዳ። ሊጣል የነበረውን ነው የወሰዱት። ለዚያ የመርከቧ ስም ብቻ አይበቃሽም፤ በአንድ ስም ብዙ መርከብ አለ። ከ1855 ጀምሮ የሚሰጠውን የመርከብ ቁጥር ያዢ። የጦር መርከብ ከሆነ ሌላ መዝገብ ነው፤ ከ1853 ወዲህ የተራ ባሕረኞች የአገልግሎት መዝገብ ራሱን ችሎ ኪው አለ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርሽ፣ ለቤተሰቡም ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። እንግሊዝ ውስጥ ሚስት ልትኖር ትችላለች። የ1861 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ባሏ የሌለ፣ ሥራዋ «የመርከበኛ ሚስት» ተብሎ የተጻፈ ሴት ካገኘሽ፣ ስሙም የአንቺ ሰውዬ ከሆነ፣ ጉዳዩ እንግዲህ እንዲህ ነው። የዚያው ዓመት ሕግ ድምፁ 7 ዓመት ላልተሰማ ሰው የትዳር ጓደኛ ሌላ ማግባትን ወንጀል አያደርገውም ነበር፤ ብዙዎችም በዚያ ተጠቅመዋል። የባለቤቴ አክስት እስከ ዛሬ የዚህ ወሬ ሲነሳ ሻይ ልታፈላ ትነሳለች።

ለጊዜው የሞቱን ሰርተፍኬትና የልጆቹን ልደት አዝዢ። ወረቀቶቹ ሲመጡ ዓመቱንና የትውልድ ቦታውን ጻፊልኝ፤ ከ1853 በፊት ባሕር ላይ የነበረ ሰው ከሆነ ትኬቱን አብረን እንፈልጋለን።