አያቴ የበረረበት አውሮፕላን ምን ሆነ? ጥያቄና መልስ

አያታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲበር በአደጋ የሞተባቸው ሰዎች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ስለ እንግሊዝ አየር ኃይል ስለሆኑ መልሴም ወደዚያው ያደላል። ሌሎቹን አገሮች መጨረሻ አካባቢ ነካ አደርጋቸዋለሁ። ቀንና ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እናንተም ማስታወሻ ስትይዙ እንደዚያው ያዙት፤ እየቀየራችሁ ከጻፋችሁ አንዱ ጋ መሳታችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እጄ ላይ ያለው የአያቴ ስምና በደንብ ልብስ የተነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

ከመቃብሩ ጀምር። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ በስም መፈለግ ትችላለህ፤ በነጻ ነው። ከሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1947 ድረስ በአገልግሎት ላይ ሳለ የሞተ ሰው እዚያ ይመዘገባል። በጥይት ይሙት በአደጋ ልዩነት የለውም። ማዕረጉን፣ የአገልግሎት ቁጥሩን፣ የሞተበትን ቀን፣ ብዙ ጊዜም ክፍሉን ታገኛለህ። መቃብር ከሌለው ስሙ መታሰቢያ ሐውልት ላይ ነው የሚሆነው። ለንደን አቅራቢያ ያለው የረኒሚድ መታሰቢያ ብቻውን መቃብራቸው ያልታወቀ ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል አባላትን ስም ይዟል።

ፎቶውን ደግሞ አትናቀው። ከግራ ደረት ኪሱ በላይ ያለውን ምልክት አጉልተህ እየው። ሁለት ክንፍ ከሆነ አብራሪ ነው። አንድ ክንፍ ብቻ ከሆነ ሌላ የበረራ ሙያ ነበረው፤ ከክንፉ ጋር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይነግርሃል። ኤን ናቪጌተር (የበረራውን አቅጣጫና መንገድ የሚያሰላው)፣ ቢ ቦምብ አነጣጣሪ፣ ኤጂ መትረየስ ተኳሽ፣ ኢ የበረራ መሐንዲስ። ቆቡ ላይ ከፊት በኩል ነጭ ጨርቅ ካየህ ፎቶው የተነሳው ገና ሰልጣኝ ሳለ ነው። በቤተሰብ ወሬ ሁሉም አያት ፓይለት ነው። ፎቶው ግን ብዙዎቹን ከጭራ መትረየሱ ኋላ ያስቀምጣቸዋል። እሱም ቢሆን ቀላል ቦታ እንዳይመስልህ።

ከዚህ በኋላ የምታሳድደው ሦስት ነገር ነው፦ የአገልግሎት ቁጥሩን፣ ክፍሉንና የአውሮፕላኑን መለያ ቁጥር። በስም ብቻ ከሄድክ ስመ ሞክሼ ያሰቃይሃል።

ጥያቄ፦ የአገልግሎት መዝገቡን ማን ነው የሚሰጠኝ? በስሙ ሁለት የተለያየ ቁጥር አግኝቼ ግራ ገብቶኛል።

መዝገቦቹ ለረጅም ዘመን በመከላከያ ሚኒስቴሩ እጅ ነበሩ። ከ2022 ጀምሮ ለንደን ኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በየተራ እየተዛወሩ ነው። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት የአያትሽ መዝገብ የት እንዳለ አረጋግጪ። ሲደርስሽ ታሪክ አትጠብቂ። የሚመጣው በምህጻረ ቃል የታጨቀ ወረቀት ነው፦ በዚህ ቀን እዚህ ክፍል ገባ፣ በዚህ ቀን ወደዚያ ተዛወረ። ዋጋው ግን ትልቅ ነው፤ ሌላውን ሁሉ የምትፈልጊበትን ቀንና ክፍል የሚሰጥሽ እሱ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ሳጅን ሆኖ ጀምሮ መኮንን የተደረገ ሰው አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። መኮንን ከሆነ ሹመቱ ለንደን ጋዜት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። እሱን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይቻላል?

ስኳድሮን (አብሮ የሚዘምት የአውሮፕላኖች ክፍል) ውስጥ ከነበረ አዎ። እያንዳንዱ ስኳድሮን የዘመቻ መዝገብ ይይዝ ነበር፤ በቤተ መዛግብቱ ኤር 27 በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። ሁለት ዓይነት ቅጽ አለው። ፎርም 540 የክፍሉ የዕለት ውሎ ነው። ፎርም 541 ደግሞ በረራዎቹን በዝርዝር ይጽፋል፦ የትኛው አውሮፕላን፣ እነማን ነበሩበት፣ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ መቼ ተመለሰ። ያልተመለሰው አውሮፕላን ጋ ስትደርስ የማረፊያው ሰዓት ቦታ ባዶ ይሆናል። ከጎኑም ከተነሳ በኋላ ምንም አልተሰማም የሚል አጭር ቃል ታያለህ።

የመዝገቡ ጥራት በጸሐፊው ይወሰናል። አንዱ የአየሩን ሁኔታና የኳስ ጨዋታውን ሳይቀር ይጽፋል፤ ሌላው ሁለት መስመር ጽፎ ይተኛል። የሞተበትን ቀን ብቻ አይተህ አትውጣ። ያለፉትን ወራት አንብብ፣ ከእነማን ጋር ይበር እንደነበር ታውቃለህ።

ማሰልጠኛ ክፍል ውስጥ ከሞተ ግን ኤር 27ን ማገላበጥ ድካም ነው። የማሰልጠኛዎቹ መዝገብ ኤር 29 ውስጥ፣ የጦር ሰፈሮቹ ደግሞ ኤር 28 ውስጥ ነው። እዚያ የተማሪ ስም የሚጠቀሰው አንዳንዴ ነው። አደጋ ከደረሰ ግን ብዙውን ጊዜ ይጻፋል።

ጥያቄ፦ በቤታችን የሚነገረው አያቴ በጠላት ተመትቶ መውደቁ ነው። ያገኘሁት ወረቀት ግን በልምምድ በረራ ላይ ይላል። የቱን ልመን?

ወረቀቱን። ደግሞ አታፍሪበት።

በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ዕዝ ውስጥ 125,000 ያህል የበረራ ሰው አገልግሏል። ከእነዚህ 55,573ቱ ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል ከ8,000 በላይ የሚሆኑት ጠላት ሳይነካቸው በልምምድና በአደጋ ያለቁ ናቸው። ይህ ለምን ሆነ ብትዪ፣ ማሰልጠኛዎቹ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ግንባር ላይ አገልግሎ የደከመ አውሮፕላን ነበር። ልጆቹ የሃያ ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ ጥቂት ሰዓት በርረው በሌሊት፣ በደመና፣ መብራት በጠፋበት አገር ላይ መንገድ ፈልጉ ይባላሉ። ዌልስና ስኮትላንድ ተራሮች ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው ስብርባሪ አብዛኛው የዚህ ውጤት ነው።

በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ የአነጋገር ልዩነት አለ። በውጊያ ላይ ተገደለ የሚለውና በአገልግሎት ላይ ሳለ ሞተ የሚለው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በአብዛኛው አደጋ ማለት ነው። ለቤተሰብ የሚደርሰው ቴሌግራም አጭር ነበር። ክፍተቱን ቤተሰቡ ራሱ በግምት ሞላው። ከዚያ ግምቱ ሲወርድ ሲዋረድ እውነት ሆኖ እናንተ ጋ ደረሰ።

ጥያቄ፦ የአደጋ ካርዱን አገኘሁ። ምክንያቱ የአብራሪው ስህተት ነው ይላል። አብራሪው አያቴ ነው። በጣም ነው የከፋኝ።

አይክፋህ፤ መጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሆነ እንይ። ፎርም 1180 የሚባለው ነው፤ የአየር ኃይሉ ሙዚየም ለንደን ሄንደን ውስጥ ይዞታል። ትንሽ ካርድ ነው። የምርመራው ሙሉ ሪፖርት በአብዛኛው አልተረፈም፣ የቀረልን ይህ ጭማቂው ነው። መርማሪዎቹ ሥራቸው ቀጣዩን አደጋ መከላከል ስለነበር ምክንያት መጻፍ ነበረባቸው። መልስ መስጠት የማይችለው ደግሞ ሟቹ ነው። እኔ "የአብራሪው ስህተት" የሚለውን ቃል ብቻውን አላምነውም።

ከዚያ ይልቅ ቁጥሮቹን አንብብ። ካርዱ ላይ አብራሪው በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ በዚያ ዓይነት አውሮፕላንስ ስንት ሰዓት እንደነበረው ተጽፎ ታገኛለህ። ሌሊት ከሆነ የሌሊቱም አለ። በዚያ አውሮፕላን ላይ ሰዓቱ ጥቂት ከሆነ፣ ጥያቄው ማን በዚያ አየር ላከው ወደሚለው ይዞራል።

ሌላም አለ። በደመና ውስጥ የነበረ አውሮፕላን ከፍታውን የሚያውቀው በአየር ግፊት በሚሠራ መለኪያ ነው። መለኪያው የሚስተካከለው ሲነሱ ባለው ግፊት ነው። ወደፊት ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት አካባቢ ሲገቡ መለኪያው ካሉበት ከፍታ አብልጦ ያሳያል። ነፋሱም ትንበያው ካለው ከተለየ ናቪጌተሩ ባሕር ላይ ነን ሲል እነሱ ተራራ ላይ ናቸው። ያለበትን ለማየት ከደመናው በታች ልውረድ ያለ ሰው ከኮረብታ ጋር ይጋጫል። ካርዱ ላይ ይሄ ሁሉ አንድ መስመር ነው፦ ከፍታ ሳይጠብቅ ወረደ።

የዚያን ቀን የአየር ሁኔታ ከጦር ሰፈሩ መዝገብ ፈልገህ ከካርዱ ጎን አስቀምጠው። ያኔ ፍርዱን ራስህ ትሰጣለህ። አንዳንዴ የአብራሪው ስህተት ሆኖ ይገኛል፤ ያም ቢሆን የሃያ ዓመት ልጅ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳ አያቴ ሳይሆን አባቴ ነው። ሲሞት እናቴ እርጉዝ ነበረች። አስከሬኑ አልተገኘም ተባለ። ከጦርነቱ በኋላ የፈለገው ሰው ነበር?

ነበር፣ እማማ። እንግሊዞች የጠፉ የበረራ ሰዎችን ብቻ የሚፈልግ ክፍል አቋቁመው ነበር። ሰዎቹ በአውሮፓ መንደር ለመንደር እየዞሩ የቀበሌ ሹሙን፣ ቄሱን፣ መቃብር ቆፋሪውን ይጠይቁ ነበር። ማንነቱን የሚለዩት በሞተር ቁጥር፣ በቀለበት፣ ልብሱ ላይ በቀረ የልብስ አጣቢ ምልክት ነው። እነሱም ደክመው ያላገኙት ብዙ ነው፣ በተለይ ባሕር ውስጥ የገባው።

የእርስዎ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ኤር 81 በሚባለው የሟቾች ፋይል ምድብ ውስጥ ነው። በአደጋው ቀን ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ለሕዝብ እየተከፈተ ነው። ፋይሉ ውስጥ የፍለጋው ደብዳቤ፣ የቀብር ሪፖርት፣ ቤተሰብ የጻፈው ደብዳቤ ሊኖር ይችላል። የእናትዎን የእጅ ጽሕፈት ሊያገኙ ይችላሉ ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ስለ አስከሬን ሁኔታ በግልጽ የተጻፈ ወረቀትም ሊኖርበት ስለሚችል ብቻዎን ሆነው አይክፈቱት። ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ቀድመው ይዩት።

ጥያቄ፦ የበረራ ደብተሩ ጠፍቷል። ሌላ ቅጂ ይኖራል?

የለም፤ ደብተሩ አንድ ነው። ወራሽ ያልጠየቃቸው ደብተሮች ለዓመታት ተቀምጠው በ1960 አካባቢ አብዛኞቹ ተወግደዋል። ለናሙና የቀሩት ኤር 4 ውስጥ ናቸው። ዘመድ አዝማድ ሳጥን ውስጥ ግን ፈልጉ፤ ከተገኘ በቀይ ቀለም የተጻፈው በአብዛኛው የሌሊት በረራ ነው።

ጥያቄ፦ የወደቀበትን ኮረብታ አውቄዋለሁ። የብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዤ ልሂድ አስቤያለሁ።

ሂድ፣ መሣሪያውን ግን ቤት ተወው። በእንግሊዝ በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት የወደቀ ወታደራዊ አውሮፕላን ያለበት ቦታ ሁሉ ጥበቃ አለው። ያለ መከላከያ ሚኒስቴሩ ፈቃድ መቆፈር፣ ማንሳት፣ ማንቀሳቀስ ወንጀል ነው። ባሕር ውስጥ ያለውም እንደዚያው። የሰው አጽም ወይም ያልፈነዳ ቦምብ ሊኖር ይችላል ከተባለ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። የልጅ ልጁ ነኝ ማለት አያስጥልህም። ባለመሬቱን አስፈቅደህ ሂድ፣ ፎቶ አንሳ፣ አበባ አስቀምጥ። አንዲት ብሎን እንኳ ኪስህ እንዳይገባ።

ጥያቄ፦ አያቱ አሜሪካዊ የሆነስ? ጀርመንስ? አውስትራሊያስ?

አሜሪካ ከሆነ የምሥራች አልነግራችሁም። በጁላይ 1973 ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የመዝገብ ማዕከል ላይ የተነሳው እሳት ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎችን ፋይል 80 በመቶ በላው። የዚያን ጊዜው አየር ኃይል የምድር ጦሩ አካል ስለነበር አብሮ ተቃጠለ። ሌላ በር ግን አለ። ያልተመለሰ አውሮፕላን ካለ የጠፋ የበረራ ቡድን ሪፖርት የሚባለውን ጠይቁ፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው ውስጥ ነው። የአደጋ ሪፖርቶች ደግሞ አላባማ፣ ማክስዌል የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ከእንግሊዙ ካርድ በጣም ይበልጣሉ፣ ፎቶ ጭምር ያለበት አለ።

ለጀርመን በርሊን ያለውን የፌዴራል ቤተ መዛግብት ጻፉለት። ለአውስትራሊያ የሟቾቹ ፋይል ኤ705 ይባላል፤ ብዙው ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። አያታችሁ በእንግሊዝ ስኳድሮን ውስጥ የበረረ ቢሆን እንኳ ከአውሮፕላኑ ሰዎች አንዱ አውስትራሊያዊ ከነበረ ይህንን ፋይል ሳታዩ አትለፉ። ስለ አደጋው የተጻፈው አንዳንዴ እዚያ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ አንዱ ወረቀት 24 ይላል፣ ሌላው 25። ሰዓቱም በሁለት ሰዓት ይለያያል። የቱ ነው የተሳሳተው?

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በ24 ማታ ተነስቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የወደቀ አውሮፕላን ሁለት ቀን ይኖረዋል። አንዱ ጸሐፊ የተነሳበትን ይጽፋል፣ ሌላው የወደቀበትን። የሰዓቱ ነገር ደግሞ እንግሊዝ ከ1941 እስከ 1945 በፈረንጆች በጋ (ጁን፣ ጁላይ አካባቢ) ሰዓቷን ከግሪኒች፣ ማለትም ከመደበኛው ሰዓቷ፣ በሁለት ሰዓት ታስቀድም ስለነበር ነው። በፈረንጆች ክረምት (ዲሴምበር፣ ጃንዋሪ አካባቢ) በአንድ ሰዓት ነበር። አንዱ ወረቀት በግሪኒች፣ ሌላው በአገሩ ሰዓት ተጽፎ ይሆናል። ወሩን እይና አስላው። ልዩነቱ በትክክል ሁለት ሰዓት ከሆነና ወሩ ጁን ወይም ጁላይ አካባቢ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። አርባ ደቂቃ ምናምን ከሆነ ግን ከሁለቱ አንዱ ወረቀት ስለ ሌላ አውሮፕላን እንዳይሆን መለያ ቁጥሩን እንደገና አመሳክር።